ሥጋን በኅብረት ለሠላሳ ቀን መተው፦ ከውሉ እስከ ሠላሳ አንደኛው ቀን

በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢዋ የምንኖር አሥራ አንድ ቤተሰቦች ለብዙ ዓመታት በአንድ ዕቁብ የምንተዋወቅ ነን። ባለፈው ጥቅምት ለሠላሳ ቀናት ሥጋ ሳንገዛና ሳንበላ ለመቆየት ተስማማን። ከመካከላችን ኦርቶዶክሶችም ሙስሊሞችም ፕሮቴስታንቶችም ስላሉ መነሻችን ሃይማኖት አልነበረም። መነሻችን በአካባቢ ሳይንስ የተመረቀች የዕቁባችን ልጅ በወላጆቿ ማዕድ ላይ ያነሳችው ጥያቄ ነበር፦ «እዚህ አገር ከመጣችሁ ወዲህ የምትበሉት ሥጋ ስንት እጥፍ ሆነ?» በዕለቱ ማናችንም መልስ አልነበረንም፤ ነገር ግን ጥያቄው ከቤት ወደ ቤት ዞረ፤ በመጨረሻም ወደ ውል ተለወጠ። ልጆቻችን «ቻሌንጅ» ይሉታል። እኛ ውል ማለትን የመረጥነው፣ እንደ ዕቁብ ሁሉ አንዱ ለሌላው የሚጠየቅበት ስምምነት እንዲሆን ስለፈለግን ነው። ይህ መመሪያ በዚያ ወር ከሠራነውና ከተሳሳትነው የተገኘ ሲሆን፣ ተመሳሳይ ውል ለመግባት ለምታስቡ ወገኖች የተጻፈ ነው።

ከቁጥር መጀመር

ከምንም በፊት ቡድኑ በአንድ ቦታ ተሰብስቦ «ለምን?» የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ይመልስ። በጎ ስሜት ብቻውን ሰውን ከአሥር ቀን በላይ አያቆይም፤ የሚያደርገው ነገር ምን ያህል ዋጋ እንዳለው በትክክል የሚያውቅ ሰው ግን በሃያኛው ቀንም ይጸናል።

ላም፣ በሬ፣ በግና ፍየል የበሉትን ሣር በጨጓራቸው የመጀመሪያ ክፍል ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ሕዋሳት አማካይነት ያብላላሉ፤ ከዚህ ሒደት የሚወጣው ሚቴን የተባለ ጋዝ በግሳታቸው ወደ አየር ይለቀቃል። ሚቴን በከባቢ አየር ውስጥ የሚቆየው 12 ዓመት ገደማ ብቻ ቢሆንም፣ በመቶ ዓመት ስሌት ሙቀት የማመቅ ኃይሉ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ያህል ነው። በዚህ ላይ ለግጦሽና ለመኖ ሲባል የሚመነጠረው ደን፣ ለመኖ እህል የሚረጨው ማዳበሪያና የፍግ ክምችቱ ሲደመር የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት በ2013 ባወጣው ዘገባ፣ የሰው ልጅ ከሚያስከትለው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት ውስጥ 14.5 በመቶውን የእንስሳት እርባታ እንደሚይዝ አስልቷል። ይኸው ድርጅት በ2023 ስሌቱን አሻሽሎ ወደ 12 በመቶ ዝቅ አድርጎታል፤ ዝቅ ብሎም ቢሆን እጅግ ትልቅ ድርሻ ነው።

ለቤት ውስጥ ስሌት የሚጠቅመው ግን በ2018 «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወጣው፣ በ119 አገሮች የሚገኙ 38,700 ያህል እርሻዎችን የመረመረው ጥናት ነው። በዚህ ጥናት መሠረት 100 ግራም ፕሮቲን ለሥጋ ብቻ ከሚረባ ከብት ለማግኘት በዓለም አማካይ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲተመን 50 ኪሎ ግራም የሚሆን ልቀት ይከተላል። ከበግ ሥጋ ሲሆን 20፣ ከአይብ 11፣ ከዶሮ ወደ 6 ኪሎ ግራም ነው። ከአተርና መሰል ጥራጥሬዎች ግን ከ1 ኪሎ ግራም በታች ነው። እነዚህን አምስት ቁጥሮች በወረቀት ጽፋችሁ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፏቸው፤ በቤቴ ከማንኛውም ምክር ይልቅ የሠራችው ይህች ወረቀት ናት።

ከዚያ እያንዳንዱ ቤት የራሱን ያስላ። ለምሳሌ አምስት ሰው ያለበት ቤት በሳምንት 2 ኪሎ ግራም የበሬ ሥጋ ቢያበስል፣ ከሥጋው አንድ አምስተኛ ገደማ ፕሮቲን ስለሆነ 400 ግራም ፕሮቲን፣ ማለትም በዓለም አማካይ 200 ኪሎ ግራም ልቀት ይሆናል። በሰሜን አሜሪካ የሚረባው ከብት ልቀቱ ከዓለም አማካይ ስለሚያንስ በግማሽ እናስላው ብንል እንኳ በሳምንት 100፣ በአራት ሳምንት 400 ኪሎ ግራም ነው። አንድ መካከለኛ የቤንዚን መኪና በአንድ ማይል 400 ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚለቅ፣ ይህ ከዋሽንግተን ተነስቶ እስከ ማያሚ እንደመንዳት ያለ መጠን ነው።

በስብሰባችን ላይ ከሁሉ በላይ ያከራከረን በበዓል ሰሞን ወደ ገበሬ እርሻ ሄደን የምናርደው በሬ ጉዳይ ነበር፤ ቅርብ ስለሆነ አይጎዳም የሚል እምነት ብዙዎቻችን ነበረን። ይሁን እንጂ የበሬ ሥጋ ልቀት ውስጥ የማጓጓዣው ድርሻ ከ1 በመቶ በታች ነው። ጉዳቱ ያለው በከብቱ ሆድና በግጦሹ መሬት ስለሆነ፣ የእርሻው ቅርበት ስሌቱን እምብዛም አይለውጠውም።

አንድ ነገር ከጅምሩ በግልጽ ይነገር። ይህ ውል ለቦረናና ለአፋር አርብቶ አደር፣ ወይም በዓመት ሁለትና ሦስት በዓል ብቻ ሥጋ ለሚቀምስ የገጠር ቤተሰብ የቀረበ ጥያቄ አይደለም። በኢትዮጵያ ለአንድ ሰው በዓመት የሚደርሰው ሥጋ በአማካይ ከ10 ኪሎ ግራም በታች ሲሆን፣ በአሜሪካ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ነው። ጥያቄው የሚመለከተው ከአንደኛው ማዕድ ተነስተን ወደ ሁለተኛው የተዛወርነውን ነው።

ውሉን መጻፍ

ውሉ ከአንድ ገጽ አይብለጥ፤ ግን በጽሑፍ ይሁን። መጀመሪያ የሚጻፈው «ሥጋ» ምን ማለት እንደሆነ ነው። እኛ የበሬ፣ የበግ፣ የፍየልና የዶሮ ሥጋን በሙሉ ከለከልን። ዓሣ ላይ ግን ስምምነት ስላልነበረ፣ እያንዳንዱ ቤት ከመጀመሪያው ቀን በፊት የራሱን ውሳኔ አስታውቆ እንዲጸናበት አደረግን። በጾም ወቅት ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር ያለበት ማኅበረሰብ ይህን ሳይጽፍ ቢጀምር በሁለተኛው ሳምንት መጨቃጨቁ አይቀርም።

ቀጥሎ የሚጻፈው ስለ አይብና ቅቤ ነው፤ ይህን ብዙዎች ይዘነጉታል። ከላይ ካሉት ቁጥሮች እንደምታዩት የአይብ ልቀት ከዶሮ ይበልጣል። ስለዚህ ሥጋ ትቶ ማለዳና ማታ አይብ የሚበላ ሰው የቀነሰው ከሚያስበው በጣም ያነሰ ነው። እኛ ከወትሮው ግዥ እንዳይበልጥ ጣሪያ አበጀንለት፤ ሙሉ በሙሉ መከልከል የሚችል ቡድን ቢከለክል ደግሞ የተሻለ ነው።

ውሉን ጾም ብላችሁ አትጥሩት። ጾም የየእምነቱ ሥርዓትና ዓላማ ያለው ነገር ነው፤ በካርቦን ስሌት ስም መጥራቱ ጾመኛውን ያስቀይማል፤ ጾም የሌለበትን ደግሞ ከውሉ ያርቀዋል። ከጾም የምንወስደው የወጥ ቤቱን ጥበብ ነው።

በመጨረሻም ከውሉ ነፃ የሆኑት ይዘርዘሩ፦ ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶች፣ ሕፃናት፣ የደም ማነስ ያለባቸውና ሐኪም ሥጋ ያዘዘላቸው። እነዚህ ሰዎች በየጊዜው ራሳቸውን ማስረዳት እንዳይገባቸው ነፃነታቸው በጽሑፍ ይስፈር፤ ምክንያቱን መግለጽም አይጠበቅባቸውም።

ጊዜውን መምረጥ

በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጳጉሜን በቀር እያንዳንዱ ወር ልክ 30 ቀን ስለሆነ ለእንዲህ ያለ ውል የተመቸ ነው። እኛ ከጥቅምት 1 እስከ ጥቅምት 30 ያለውን መረጥን፤ በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ከኦክቶበር 11 ወይም 12 ጀምሮ ማለት ነው። መስቀል አልፏል፤ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው፤ የምስጋና ቀን የሚባለው የአገሩ በዓልም በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ ስለሚውል ገና ነው። የእስልምና በዓላት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጡ የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ከሙስሊም አባላት ጋር ሆናችሁ አረጋግጡ።

ውሉን በዐቢይ ጾም ውስጥ ማድረግ ቀላል ይመስላል፤ ለጿሚው ግን አዲስ የሚቀንሰው ነገር ስለሌለ ስሌቱን ባዶ ያደርገዋል። በጥቅምትም ቢሆን ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ሰው የእነዚያን ቀናት ቅነሳ በውሉ ሒሳብ ውስጥ መቁጠር የለበትም፤ የጽጌን የፈቃድ ጾም የሚይዝም እንዲሁ። እኛ ዘንድ ይህን ሳይነገራቸው ያስታወሱን እናቶች ነበሩ።

ቀድመው ያሉት ሁለት ሳምንታት

በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ማንም ሰው አመጋገቡን አይለውጥ፤ የሚገዛውን ብቻ ይመዝግብ። ደረሰኞችን ሰብስቡ፤ ክብደቱ በፓውንድ ስለሚጻፍ በ0.45 ብታባዙት ኪሎ ግራሙን ታገኛላችሁ። ምግብ ቤት የተበላውን በግምት ጨምሩ። ብዙ ቤቶች እውነተኛ መጠናቸውን የሚያውቁት በዚህ ጊዜ ነው፤ እኔ በሳምንት አንድ ኪሎ ይሆናል ብዬ የገመትሁት ሲመዘን ከሁለት በለጠ፤ ትርፉም በአብዛኛው ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በችኮላ የሚገዛው ሳንድዊችና በርገር ነበር።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውን ሥጋ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ብሉት ወይም ከውሉ ነፃ ለሆነ ቤተሰብ ስጡት። መጣል ክልክል ይሁን፤ ልቀቱ አንዴ ተለቋልና የተጣለ ሥጋ ማንንም ሳይመግብ ጉዳቱ ብቻ ይቀራል።

ወጥ ቤቱ

በዚህ ጉዳይ እኛ ከብዙ ሕዝብ ይልቅ የታደልን ነን። ሌሎች ከሥጋ ወጥተው ምን እንብላ እያሉ መጽሐፍ ሲገዙ፣ እኛ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ አተር ክክ አልጫ፣ አዚፋ፣ የሽምብራ ዓሣ፣ የሱፍ ፍትፍት፣ ተልባ፣ ስልጆና ቡቲቻ ይዘን እንቀመጣለን። ሆኖም ሰው የሚሸነፈው የምግብ ዓይነት አጥቶ ሳይሆን፣ ማክሰኞ ማታ በሰባት ሰዓት የሥራ ድካም ደክሞት ሲገባ የተዘጋጀ ነገር ስለሚያጣ ነው። በአሜሪካ ሰዓት ሰባት ማለቴ ነው። ስለዚህ የወጥ ቤቱ ሥራ ዋናው ክፍል በእሑድ ከሰዓት በኋላ ይከናወናል።

መጀመሪያ የሳምንቱን ቁሌት በአንድ ጊዜ ሥሩ። ሦስት ኪሎ ግራም ያህል ቀይ ሽንኩርት በጣም አድቅቃችሁ ከትፉና በወፍራም ድስት ያለ ዘይት በመካከለኛ እሳት ጣዱት። በመጀመሪያ ውኃውን ያወጣል፤ ከዚያ ውኃው ሲመጥ ድምፁ ይለወጣል፤ ከድስቱ መያዝ ሲጀምር በሾርባ ማንኪያ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ አማስሉት። ሽንኩርቱ ቀልጦ ቡናማ እስኪሆንና ሽታው ከሚያስለቅስ ወደ ጣፋጭነት እስኪዞር ድረስ ከአርባ ደቂቃ በላይ ሊወስድ ይችላል። ይህን ጊዜ አታሳጥሩት፤ የጾም ወጥ ቀጭንና ባዶ ጣዕም አለው የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ሽንኩርቱ ሳይበስል ዘይትና በርበሬ ስለሚገባበት ነው። ከዚያ ዘይቱን፣ ቀጥሎም በርበሬውን ጨምራችሁ በጥቂት ውኃ እያበረዳችሁ ለሃያ ደቂቃ አቁላሉት፤ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል በመጨረሻ ይግባ። ሲቀዘቅዝ በአምስት ዕቃ ከፋፍላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ከዚህ በኋላ ምስር ወጥ የግማሽ ሰዓት፣ ሽሮም የሩብ ሰዓት ሥራ ይሆናል።

በዚያው ቀን ሽምብራና ባቄላ ዘፍዝፋችሁ ቀቅሉ፤ ግማሹ ለወጥ፣ ግማሹ ለንፍሮ ይሁን። ልጆች ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚይዙት ነገር እንዳያጡ ቆሎ፣ የምስር ሳምቡሳና የለውዝ ቅቤ ዳቦ አዘጋጁላቸው። በቤቴ የበርገሩን ቦታ የያዘው የምስር ሳምቡሳ ነው።

የጥብስ አምሮት ለሚያስቸግረው ሰው እንጉዳይ አለ፤ አሠራሩ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። እንጉዳዩን በጣም በጋለ ሰፊ መጥበሻ ላይ ያለ ጨውና ያለ ዘይት አስቀምጡ፤ ውኃውን አውጥቶ እስኪመጥና ጠርዙ እስኪቀላ አትንኩት። ከዚያ ዘይት፣ በትልልቁ የተከተፈ ሽንኩርት፣ ቃሪያና የጥብስ ቅጠል ጨምሩ፤ ጨው የመጨረሻው ነው። ጨው ቀድሞ ከገባ እንጉዳዩ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ሰው ጥብስ ብሎ የሚያስታውሰው መዓዛ አብዛኛው ከቅጠሉና ከቃሪያው የሚመጣ መሆኑን የተረዳሁት ያኔ ነው። ክትፎ ለለመዱ ደግሞ በኮሰረት፣ በኮረሪማና በአብሽ የተነጠረ ዘይት አዘጋጅታችሁ፣ በጣም የደቀቀ የተቀቀለ ጎመን ላይ ከሚጥሚጣ ጋር አድርጉበት።

ሰውነታችን የሚፈልገው

የፕሮቲን ሥጋት ብዙ ጊዜ ከሚገባው በላይ ይነሳል። ለጤናማ ጎልማሳ በአንድ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት 0.8 ግራም ያህል ይበቃል፤ ለ70 ኪሎ ሰው 56 ግራም ማለት ነው። አንድ መቶ ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ገደማ ስለሚይዝ፣ ቀኑን ሙሉ ጥራጥሬና እንጀራ በአግባቡ የሚበላ ሰው ይሞላዋል። በጎመንና በድንች ብቻ የሚውል ግን አይሞላውም፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ማዕድ ላይ አንድ ጥራጥሬ ይኑር።

በይበልጥ ሊታሰብበት የሚገባው ብረት ነው፤ በተለይ ለሴቶች። የዕፀዋት ብረት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። የእንጀራ ሊጥ መቡካት ይረዳዋል፤ ሎሚ፣ ቃሪያና ቲማቲም የያዘ ሰላጣ አብሮ መብላትም እንዲሁ። ቡናና ሻይ ግን ያግዱታል። ስለዚህ ቡናው ከምግቡ ጋር ተያይዞ እንዳይፈላ፣ ቢያንስ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ይቆይ፤ በባህላችን ለውጥ የጠየቀው ትልቁ ነገር ይህ ሆኖ አገኘሁት።

ቫይታሚን ቢ12 በዕፀዋት ውስጥ የለም። ጤናማ ሰው በጉበቱ ክምችት ስላለው በሠላሳ ቀን አይጎዳም፤ ወተትና እንቁላልንም ትቶ ከወሩ በኋላ የሚቀጥል ሰው ግን በቀን 2.4 ማይክሮ ግራም የሚያስፈልገውን ከእንክብል ወይም ቫይታሚኑ ከተጨመረበት ምግብ ማግኘት ይኖርበታል፤ ከሐኪሙ ጋርም ይማከር።

እንግዳ ሲመጣ

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአንዱ ቤት ከአዲስ አበባ የመጡ አማት ነበሩ፤ እንግዶች ተጠርተው ሥጋ እንደማይቀርብ ሲሰሙ እጅግ አዘኑ። «ልጄ፣ ሰው ቤቴ መጥቶ ጥብስ ሳይቀምስ ቢሄድ ምን ይለኛል?» አሉ። ምራታቸው ቀስ ብላ «እማማ፣ እንግዳው ረቡዕ ቀን ቢመጣስ ምን ያቀርቡለት ነበር?» አለቻቸው። በማግስቱ ማዕዱን እሳቸው ራሳቸው አዘጋጁት፤ ዘጠኝ ዓይነት ነበረበት። ይህን የምጽፈው የሚከተለውን ምክር ለማስረዳት ነው፦ ለእንግዳ አንድ ወጥ ብቻ አታቅርቡ። የእንግዳ ክብር የሚታየው በማዕዱ ሙላት ስለሆነ፣ በየዓይነቱን በትልቅ ትሪ አቅርቡ፤ ስለ ውሉም ከጠየቀ ብቻ ተናገሩ። ሰው በላበት ማዕድ ላይ ስለ ልቀት ማስተማር አክብሮት ማጣት ነው።

ሌላ ሰው ቤት ስትጠሩ ቀድማችሁ ደውላችሁ አሳውቁ። ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ሥጋ ቢቀርብላችሁ ሐዘንተኛውን ማስጨነቅ አይገባም፤ በውላችን ላይ ለቅሶን ነፃ አድርገን የጻፍነው ለዚህ ነው።

በየሳምንቱ መተሳሰብ

በቴሌግራም ቡድን በየእሑዱ እያንዳንዱ ቤት የቀነሰውን ኪሎ ግራም ብቻ ይላክ። በመጀመሪያው ሳምንት እኛ «ማን በላ፣ ማን ጾመ» እያልን በስም መጠያየቅ ጀመርን፤ ሁለት ቤቶች ዝም አሉ፤ አንደኛው ሊወጣ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰው መቁጠሩን ትተን የጠቅላላውን ድምር ብቻ መቁጠር ጀመርን። ውሉን የጣሰ ሰው የበላውን መጠን ጽፎ በማግስቱ ይቀጥላል፤ ቅጣትም ማብራሪያም የለውም። ቅዳሜ ማታ በተራ በአንድ ቤት አብሮ መብላትም አይቅር፤ የምግብ አሠራር የሚተላለፈው በዚያ ነው።

ሠላሳ አንደኛው ቀን

የወሩ ልፋት የሚጠፋው እዚህ ላይ ነው። ከጾም በኋላ መፍሰክ የለመደ ሰው ሳይታወቀው የወሩን ሥጋ በአንድ ሳምንት ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ከሃያ አምስተኛው ቀን ጀምሮ ተሰብስባችሁ ለዓመቱ መጠን ወስኑ። እንደ መለኪያ የሚጠቅማችሁ፣ በ2019 ለጤናም ለምድርም የሚስማማ አመጋገብ ብሎ አንድ ዓለም አቀፍ የሳይንቲስቶች ኮሚሽን ያቀረበው መጠን ነው፤ ቀይ ሥጋን በቀን በአማካይ 14 ግራም፣ በሳምንት 100 ግራም ገደማ ያደርገዋል። አምስት ሰው ላለበት ቤት በሳምንት ግማሽ ኪሎ ማለት ነው።

እኛ ሥጋን በበዓልና በወር ሁለት እሑድ ብቻ ለማድረግ ተስማማን፤ ሁለት ቤቶች ጨርሰው ትተውታል። ለገና ቅርጫ እንደ ወትሮው ስንመዘገብ፣ ከዚህ በፊት ሁለት በሬ እንገዛ የነበርነው፣ ሥጋ ጨርሰን ያልተውነው ቤቶች አንድ በሬ ብቻ ተካፈልን። ሥጋው ሲከፋፈል መደቡ ትንሽ መስሎ ታየን፤ ሆኖም የተካፈለው ሁሉ ለበዓሉ የሚበቃውን ወሰደ፤ ከበዓሉ ሰሞን በኋላም ማቀዝቀዣው ውስጥ ሥጋ የተረፈው ቤት አልነበረም።